መሬቱ የሁሉም፣ አጋዘኑ የኦሃዮ

ጥቅምት ሲገባ ስልኬ መጮህ ይጀምራል። «አንተ በቀስት ታድናለህ አሉ፣ እኛንም ይዘኸን ሂድ እንጂ!» የሚሉ ጓደኞች ናቸው። ደስ ይለኛል። ከዚያ ግን ሁሌም ያቺው ጥያቄ ትከተላለች። «ጫካው የመንግሥት ነው አይደል? ታዲያ ቀስት ይዞ መሄድ ነዋ!»

ቢሆን እንዴት ጥሩ ነበር። እኔ የምኖረው ሜሪላንድ ነው፣ የማድነው ግን ደቡብ ምሥራቅ ኦሃዮ፣ ዌይን ብሔራዊ ደን ውስጥ ነው። ስለዚህ ምሳሌዬ ሁሉ ከዚያ ነው። እናንተ አትላንታ ወይ ዳላስ ወይ ሚኒያፖሊስ ብትሆኑ የስቴቱ ስም ይለወጣል እንጂ አካሄዱ ያው ነው። አጋዘን የምለውም ጭራው ከሥር ነጭ የሆነውን፣ ማታ ማታ ሀይዌይ ላይ መኪና ፊት ዘሎ የሚገባውን፣ የጎረቤታችሁን ጎመን የሚጨርሰውን ነው። አገር ቤት አጋዘን የምንለው ቀንደ ጠምዛዛው ሌላ እንስሳ ነው፣ እንዳንምታታ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ከገባችሁ ሌላው ሁሉ ይቀላል። የመሬቱ ባለቤትና የእንስሳው ባለቤት ሁለት የተለያዩ አካላት ናቸው።

ዌይን ብሔራዊ ደን የፌዴራል መንግሥት መሬት ነው። የሚያስተዳድረው በግብርና ሚኒስቴሩ ሥር ያለው የደን አገልግሎት ነው። ለማደን ስትገቡ በር ላይ የሚጠይቃችሁ የለም፣ ለመግቢያም አይከፈልም፣ ድንኳን ተክላችሁ ማደርም ትችላላችሁ። ደኑ አጠገብ ያለችው የኦሃዮዋ አቴንስ ከተማ ተወልዶ ያደገው ሰውዬ በዚያ ጫካ ላይ ያለው መብት ከእናንተ አይበልጥም። እስከዚህ ድረስ ጓደኞቼ ልክ ናቸው።

አጋዘኑ ግን የፌዴራል መንግሥት አይደለም። በአሜሪካ አሠራር የዱር እንስሳን በአደራ ይዞ የሚያስተዳድረው ስቴቱ ነው። በግል እርሻ ላይ ሲግጥ ቢውል እንኳ የገበሬው ንብረት አይሆንም። ስለዚህ መቼ ይታደናል፣ በምን ይታደናል፣ ስንት ይታደናል፣ ማን ስንት ይከፍላል የሚለውን የሚወስነው ኦሃዮ ነው። በመሬቱ ላይ ባለቤት ናችሁ፣ በአጋዘኑ ላይ እንግዳ ናችሁ።

እንግዳነቱ መጀመሪያ የሚታወቃችሁ ኪሳችሁ ላይ ነው። የኦሃዮ ነዋሪ የአደን ፈቃድና የአጋዘን ፈቃድ ሁለቱን በ50 ዶላር አካባቢ ያገኛል። ከሌላ ስቴት የመጣ ሰው ለነዚያው ሁለት ወረቀቶች ከ250 ዶላር በላይ ይከፍላል። ልብ በሉ፣ ወረቀቱ ሁለት ነው። አንዱን ገዝቶ ሌላውን መርሳት የጀማሪ ሁሉ ስህተት ነው። ዋጋው በየጊዜው ስለሚለወጥ ከመክፈላችሁ በፊት የስቴቱን የዱር እንስሳት ክፍል ድረ ገጽ ተመልከቱ።

«ይሄማ አድልዎ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሷል። ሞንታና ኤልክ ለሚባለው ትልቅ አጋዘን ከውጭ የሚመጣውን አዳኝ 225 ዶላር፣ የራሷን ነዋሪ ደግሞ ተመሳሳይ ጥቅል ፈቃድ በ30 ዶላር ታስከፍል ነበር። አዳኞች ከሰሱ። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1978 ለመዝናናት ማደን ስቴቶች ለሁሉም አሜሪካዊ እኩል ሊሰጡት የሚገባ መሠረታዊ መብት አይደለም ብሎ ለሞንታና ፈረደ። በ2005 ደግሞ የፌዴራሉ ምክር ቤት (ኮንግረስ) ስቴቶች በነዋሪና በእንግዳ መካከል ልዩነት ማድረግ እንደሚችሉ በሕግ አጸናው። እና ክርክሩ አልቋል፣ ክፈሉ።

እኔ በበኩሌ ስከፍል ብዙ አይከፋኝም። ኦሃዮ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1904 አንድም የዱር አጋዘን አልቀረም ነበር። ጫካው ተመንጥሮ፣ ያለ ገደብ ታድኖ አለቀ። ዛሬ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ አሉ። የተመለሱት በአብዛኛው በአዳኞች ገንዘብ ነው። የፈቃድ ክፍያው አንዱ ምንጭ ሲሆን፣ ሌላው በ1937 የወጣው ሕግ ነው። ይህ ሕግ ከጠመንጃና ከጥይት ሽያጭ ላይ ቀረጥ ሰብስቦ ለስቴቶች የዱር እንስሳት ሥራ ያከፋፍላል። በ1970ዎቹ ቀስትም ተጨመረበት። ቀስት የገዛችሁ ቀን ሳታውቁት አዋጥታችኋል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ብዙ ወገኖቻችን መጀመሪያ ኮሎምበስ ኖረው ኋላ ወደ ዲሲ አካባቢ የመጡ ናቸው። መንጃ ፈቃዳቸው ላይ የኦሃዮ አድራሻ ቀርቷል። «በሱ ልግዛው፣ 200 ዶላር ይተርፈኛል» ማለት ያጓጓል። እንዳታደርጉት። ያለ ነዋሪነት የነዋሪ ፈቃድ መግዛት ወንጀል ነው። ይባስ ብሎ በሕገ ወጥ መንገድ የተገደለን እንስሳ ከስቴት ወደ ስቴት ማሻገር በ1900 በወጣው ሌሲ አክት በሚባለው ሕግ የፌዴራል ወንጀል ይሆናል። ስቴቶቹም መረጃ ይለዋወጣሉ። አንዱ ጋ ፈቃዱን የተነጠቀ ሰው ሌላው ጋም ይዘጋበታል።

ስቴት ስትመርጡ ጥያቄው «ትልቅ ቀንድ የት አለ?» ብቻ መሆን የለበትም። «እንግዳ ዘንድሮውኑ ፈቃድ ያገኛል?» የሚለው ይቀድማል። አዮዋ በአጋዘኖቿ ትልቅነት ዝነኛ ናት፣ ግን ለእንግዶች በዓመት 6,000 ፈቃድ ብቻ በዕጣ ታወጣለች። ደህና ቦታ ለማግኘት የዕጣ ዕድል የሚጨምር ነጥብ ለዓመታት እያጠራቀሙ መጠበቅ ነው። ካንሳስም ዕጣ ነው፣ ማመልከቻውም የሚገባው በፀደይ ነው። በጥቅምት አስባችሁ በኅዳር መሄድ የለም። ኦሃዮ፣ ኬንታኪ፣ ሚዙሪ፣ ዌስት ቨርጂኒያ ግን ስልካችሁን አውጥታችሁ ዛሬ መግዛት የምትችሉባቸው ናቸው። ለመጀመሪያ ጉዞ ከእነዚህ አንዱን ምረጡ። ቨርጂኒያን የምታስቡ ካላችሁ፣ እዚያ በብሔራዊ ደን ለማደን ከመደበኛው ፈቃድ ላይ የምትጨመር ትንሽ ወረቀት አለች፣ አትርሷት።

ፈቃድ ከመግዛታችሁ በፊት የአዳኝነት ትምህርት የወሰዳችሁበትን ማስረጃ ትጠየቃላችሁ። በየትኛውም ስቴት ብትወስዱት ሌላው ይቀበለዋል። ኦንላይን ነው፣ አንዳንዱ ስቴት ግን አንድ ቀን በአካል መገኘት ይጠይቃል። ያቺ የአንድ ቀን ክፍል ደግሞ መስከረም ላይ ጢም ብላ ትሞላለች። በክረምቱ ጨርሱት።

መቼ እንሂድ? ኦሃዮ የቀስት ወቅትን በመስከረም ወር መጨረሻ አካባቢ ከፍታ እስከ የካቲት መጀመሪያ ድረስ ታቆየዋለች፣ የምጠቅሰው በፈረንጆቹ ወር ነው። ረጅም ነው። ግን አንድ ሳምንት ብቻ ዕረፍት ያለው ሰው የሚመርጠው ጊዜ የታወቀ ነው፣ በእኛ አቆጣጠር ከጥቅምት 20 እስከ ኅዳር 8 ያለው። የስሪያ ወቅታቸው ነው። ዓመቱን ሙሉ በሌሊት ብቻ ይንቀሳቀስ የነበረው አውራ፣ ያ ሁሉ ጥንቃቄው ጠፍቶ፣ ሴቷን ፍለጋ በጠራራ ፀሐይ ሲሮጥ ታዩታላችሁ። እውነቱን ለመናገር እንደ እኔ ያለው መካከለኛ አዳኝ ዕድል የሚያገኘው አውራው በፍቅር ሲሰክር ነው።

ለኦርቶዶክሶች ደግሞ ቀኑ በጣም የተመቸ ነው። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል። ከዚያ በፊት ሄዳችሁ ትመለሳላችሁ።

ከዚያ በኋላ የሚመጣውንም እወቁት። ከታንክስጊቪንግ ቀጥሎ ባለው ሰኞ የኦሃዮ የጠመንጃ ሳምንት ይጀምራል። ጫካው በሰው ይሞላል። በዚያ ሳምንት በቀስት ማደን ይቻላል፣ ግን እናንተም ደማቁን ብርቱካናማ ሰደርያ መልበስ ግዴታችሁ ነው። በፈረንጆቹ ኖቬምበር መሃል ደግሞ ለወጣቶች የሚፈቀድ የጠመንጃ ቅዳሜና እሁድ አለ፣ ያኔም እንደዚሁ። አንድ ጓደኛዬ ቀኑን ሳያይ ሄዶ፣ ጠዋት ሲነጋ ዙሪያውን ብርቱካናማ የለበሱ ሰዎች ሲያይ ያን ቀን ከመኪናው አልወረደም።

ስለ መሣሪያው ብዙ አልልም፣ የሱቅ ሰዎች ከእኔ በላይ ያስረዷችኋል። ሦስት ነገር ብቻ። አንደኛ፣ ቀስት በፌዴራል ሕግ የጦር መሣሪያ አይባልም፣ ስለዚህ ጠመንጃ ለመግዛት የሚያስፈልገው የወረቀት ጣጣ የለበትም። ሁለተኛ፣ ኦሃዮ በቀስት ወቅት ክሮስቦውንም፣ ማለትም እንደ ጠመንጃ በቃታ የሚለቀቀውን ቀስት፣ ትፈቅዳለች። እሱ በሁለት ሳምንት ይለመዳል፣ ኮምፓውንድ የሚባለው፣ ጫፎቹ ላይ መዘውር ያለው የእጅ ቀስት ግን ወራት ይፈልጋል። ኮምፓውንዱ ቢያንስ 40 ፓውንድ፣ ክሮስቦው ቢያንስ 75 ፓውንድ የመሳብ ኃይል ሊኖረው ይገባል። ሦስተኛ፣ ጓሮ ላይ ቆማችሁ በቲሸርት የመታችሁት ዒላማ አያታልላችሁ። ጫካ ውስጥ ስትወረውሩ ተቀምጣችሁ፣ ወፍራም ጃኬት ለብሳችሁ፣ ከላይ ወደ ታች፣ እጃችሁ በብርድ ደንዝዞ ነው። እንደዚያ ሆናችሁ ተለማመዱ። በልምምድ ሁሌ የማትስቱት ርቀት 20 ያርድ ከሆነ፣ 30 ያርድ ላይ የቆመ አጋዘን የእናንተ አይደለም።

አሁን ካርታው። ጉዞው የሚሠራውም የሚበላሸውም እዚህ ላይ ስለሆነ ዘርዘር ላድርገው።

ዌይን ከ240,000 ኤከር በላይ ነው፣ ወደ 100,000 ሄክታር የሚጠጋ። ሲሰሙት አንድ ትልቅ ጫካ ይመስላል። ካርታውን ስትከፍቱ ግን የተቀደደ ነጠላ ነው። መንግሥት ከ1930ዎቹ ጀምሮ አፈሩ የተሟጠጠ እርሻና ማዕድን የወጣበት መሬት ከሚሸጥ ሰው ሁሉ እየገዛ የሰበሰበው ነው። ያልሸጠው ሰው መሃል ላይ ቀርቷል። አቴንስ፣ ማሪዬታና አይረንተን የሚባሉ ሦስት ክፍሎች አሉት፣ በየክፍሉም ውስጥ የመንግሥትና የግል መሬት እንደ ዳማ ሰሌዳ ተዘበራርቋል። አጥር የለውም። ዛፉም ያው ዛፍ ነው።

በመጀመሪያው ዓመቴ ይህን በደንብ ተማርኩ። የስልኬ ተራ ካርታ አረንጓዴ ያሳየኝን ሁሉ የደኑ መስሎኝ አንድ ሸንተረር ላይ ተቀምጬ ሳለ፣ አንድ ሽማግሌ ውሻ አስከትለው መጡ። ከወሰኑ 200 እርምጃ ያህል አልፌ ግቢያቸው ገብቼ ነበር። ቢቆጡ እውነታቸውን ነበር። «ቀስቱን አውርድና ውረድ ልጄ» አሉኝ፣ ወረድኩ። ኦሃዮ ውስጥ በግል መሬት ለማደን የባለቤቱ የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ በቃል «እሺ» መባል አይበቃም። የወጋችሁት አጋዘን ሸሽቶ የሰው መሬት ላይ ቢወድቅም ሳታስፈቅዱ ገብታችሁ አታነሱም። ስለዚህ የመሬት ወሰን የሚያሳይ አፕ ግዙ። ኦንኤክስ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ነው፣ የኦሃዮም የራሷ ሀንትፊሽ ኦኤች የሚባል ነፃ አፕ አላት። ካርታውን ቤት ሳላችሁ ስልካችሁ ላይ አውርዱት፣ እዚያ ሸለቆ ውስጥ ኔትወርክ የለም።

ቦታ ስትፈልጉ መጀመሪያ መኪና ማቆሚያዎቹን ካርታው ላይ ምልክት አድርጉባቸው። ከዚያ ከእያንዳንዱ ራቁ። አብዛኛው ሰው ከመኪናው ብዙ አይርቅም፣ አጋዘኖቹም ይህን ያውቃሉ። ወንዝ መሻገር ወይ አቀበት መውጣት የሚጠይቅ ቦታ ሰው ይቀንስበታል። አንዳንዴ ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ መንገድ ዳር ያለች ጥሻ ሁሉም ትቷት ያልፍና አውራው እዚያ ተኝቶ ይውላል።

የምትፈልጉት መተላለፊያ ነው። ሁለት ጋራ መሃል ዝቅ ያለች ወገብ፣ በገደልና በጥሻ መካከል የጠበበች መንገድ፣ የኮረብታው ጎን ላይ እንደ እርከን የተዘረጋች ጠፍጣፋ ቦታ። አጋዘንም እንደ ሰው ነው፣ አቀበቱን የሚወጣው ቀላሉን መርጦ ነው። የነጭ ኦክ ፍሬ የወደቀበት ቦታ ካገኛችሁ ደግሞ ገበያውን አገኛችሁት ማለት ነው። አውራው ቀንዱን የፈተገበት ግንድ፣ በኮቴው የጫረው መሬት፣ ትኩስ ፋንድያ ካያችሁ ቅርብ ናችሁ። አንድ ቦታ ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። ቢያንስ አምስት ያዙ፣ ምክንያቱም ስትደርሱ አንዱ ላይ መኪና ቆሟል፣ አንዱ ዛፉ ተቆርጧል፣ አንዱ ላይ ነፋሱ በተቃራኒው ይነፍሳል።

ነፋስ! አጋዘን ዓይኑን ያሞኛችሁ ይሆናል፣ አፍንጫውን ግን አታሞኙትም። ከየት እንደሚመጣ ገምታችሁ ነፋሱ ከእሱ ወደ እናንተ እንዲነፍስ አድርጋችሁ ተቀመጡ። እንደ ዌይን ባለ ኮረብታማ አገር ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ጠዋት ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው አየሩ ሽቅብ ይወጣል፣ ማታ ሲቀዘቅዝ ቁልቁል እንደ ውሃ ይፈሳል። ስለዚህ ጠዋት ከላይ፣ ማታ ከታች መሆን ይሻላል። አንድ ነገር ሳልደብቅ ልናገር። የአደን ልብሳችሁን በርበሬ በሚቁላላበት፣ ቡና በሚቆላበትና ዕጣን በሚጨስበት አፓርታማ ቁም ሳጥን ውስጥ አታስቀምጡት። የእኔ ጋራዥ ውስጥ በተዘጋ የፕላስቲክ ሣጥን ነው የሚቀመጠው። ባለቤቴ ትስቅብኛለች፣ ትሳቅ።

ዛፍ ላይ መቀመጥ ካሰባችሁ፣ አገር ቤት ማሽላ ሲጠብቁ የሚሠሩት ማማ ዓይነት ነው፣ ግን ተሸክማችሁ የምትሄዱት ማማ። በመንግሥት ደን ምስማር መምታት፣ ቅርንጫፍ መጨፍጨፍ አይቻልም። ተንቀሳቃሹን ተጠቀሙ፣ ከመሬት እግራችሁን ካነሳችሁበት ቅጽበት ጀምሮ ደግሞ በማሰሪያ ከግንዱ ጋር ታሰሩ። አዳኝ በቀስት ወቅት የሚጎዳው በአብዛኛው ወድቆ ነው። ብቻውን፣ ኔትወርክ በሌለበት። የት እንደምትቀመጡ ካርታ ላይ ምልክት አድርጋችሁ ለአንድ ሰው ላኩ፣ እስከ ስንት ሰዓት ካልደወላችሁ ለማን እንደሚደውልም ንገሩት። ከፍታ የማይመቸው ሰው መሬት ላይ ግንድ ተደግፎ ቢቀመጥ ምንም አይቀርበትም።

መወርወር የሚፈቀደው ፀሐይ ከመውጣቷ 30 ደቂቃ በፊት ጀምሮ ከጠለቀች 30 ደቂቃ በኋላ ድረስ ነው። አጋዘኑ ጎኑን እስኪሰጣችሁ ጠብቁ። የምትመቱት ሳንባና ልብ ያለበትን፣ ከፊት እግሩ ኋላ ያለውን ቦታ ነው። ፊት ለፊት የመጣውን፣ የሚሮጠውን ተዉት።

ከተመታ በኋላ ያለው ሰዓት ከሁሉም ይከብዳል፣ ምክንያቱም ምንም አለማድረግ ነው። ፍላጻ እንደ ጥይት አይጥልም፣ ደም አፍስሶ ነው የሚገድለው። ፍላጻውን አንስታችሁ እዩት። ደሙ ደማቅ ሆኖ አረፋ ካለው ሳንባ ነው፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቃችሁ ተከተሉ። ጠቆር ያለ ከሆነ ጉበት ነው፣ አራት ሰዓት ያህል ስጡት። አረንጓዴ ነገር ካለበትና ፈርስ ፈርስ ከሸተተ ሆድ ነው፣ ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት አትንኩት። ቶሎ ከተከተላችሁት ተነስቶ ኪሎ ሜትሮች ይሄዳል፣ እናንተም ታጡታላችሁ፣ እሱም ሲሰቃይ ይሞታል። ዱካውን ስትከተሉ ደም ባያችሁበት ሁሉ የሶፍት ቁራጭ ጣል እያደረጋችሁ ሂዱ፣ ስትመለሱ ልቀሙት።

ስታገኙት ፉከራው ትንሽ ይቆይ። ከወደቀበት ሳታንቀሳቅሱት ስማችሁን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ካውንቲውን የያዘ ወረቀት እሱ ላይ እሰሩ። በማግስቱ እኩለ ቀን ከመድረሱ በፊት ደግሞ በአፕ ወይ በስልክ አስመዝግቡ፣ የሚሰጣችሁን ቁጥርም ወረቀቱ ላይ ጻፉ። ኦሃዮ ቀንዳም አጋዘን በዓመት አንድ ብቻ ነው የምትፈቅደው፣ በምንም መሣሪያ ይሁን። የመጀመሪያው ጠዋት ላይ ያገኛችሁትን ትንሽ ቀንዳም ከወሰዳችሁ የዓመቱ ኮታችሁ አበቃ። የሴቷ ቁጥር እንደየካውንቲው ይለያያል፣ በየዓመቱም ይቀያየራል። በ2025 እ.ኤ.አ. በትንንሽ ነካሽ ዝንቦች የሚተላለፍ በሽታ ደቡብ ምሥራቅ ኦሃዮ ላይ ብዙ አጋዘን ፈጅቶ፣ ስቴቱ ወቅቱ ከተጀመረ በኋላ እንኳ በአንዳንድ ካውንቲዎች የሚፈቀደውን ቁጥር ቀነሰ። አምና የሰማችሁትን ይዛችሁ አትሂዱ።

ከዚያ ሥጋው። ሆድ ዕቃውን እዚያው አውጡ፣ ውስጡን አየር እንዲነካው ክፈቱት። ኅዳር ሁሌ ብርድ አይደለም፣ አንዳንድ ዓመት ከሰዓት በኋላ በሹራብ ያስኬዳል። ሥጋው በቶሎ ከ4 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች መውረድ አለበት። ሁለት ትልልቅ የበረዶ ሣጥን መኪናው ላይ ይኑሩ፣ በረዶውን ሳታድኑ አትግዙት እንጂ የት እንደሚሸጥ አስቀድማችሁ እወቁ።

ሙሉውን አጋዘን መኪና ላይ ጭኖ ወደ ቤት መምጣት ግን የለም። እንደገና ያው ነገር ነው፣ እያንዳንዱ ስቴት የራሱን አጋዘን ይጠብቃል። ሲደብሊውዲ የሚባል አንጎል የሚያበላሽ የአጋዘን በሽታ አለ። በ1967 ኮሎራዶ ውስጥ ታየ፣ ዌስት ቨርጂኒያ በ2005 ደረሰ፣ ኦሃዮ የዱር አጋዘን ላይ ያገኘችው በ2020 ነው። ባክቴሪያም ቫይረስም አይደለም፣ የተጣመመ ፕሮቲን ነው፣ ማብሰልም አይገድለውም። አንጎልና ኅብለ ሰረሰር ውስጥ ስለሚበዛ ስቴቶች እነዚህ ያሉበትን በድን ድንበር ማሻገር ይከለክላሉ ወይም ይገድባሉ። ከኦሃዮ ወደ ሜሪላንድ ስመለስ ዌስት ቨርጂኒያን አቋርጣለሁ፣ ሦስት ስቴት ሦስት ሕግ ማለት ነው። መፍትሔው አንድ ነው፣ አጥንት የሌለው ሥጋ፣ ቆዳ፣ እና አንጎሉ ተጠርጎ የጸዳ ቀንድ በየትም ያልፋል። ስለዚህ ሥራውን ኦሃዮ ላይ ጨርሱ። ብልት ማውጣት የሚያውቅ አባት ወይ አጎት ያላችሁ ሰዎች የታደላችሁ ናችሁ፣ ይዛችኋቸው ሂዱ። የበሬውን ያወቀ የአጋዘኑን በአንድ ሰዓት ይጨርሰዋል። በሽታው ሰውን መያዙ እስከ ዛሬ አልታወቀም፣ ግን በሽታው ካለበት አካባቢ የመጣ ሥጋ ተመርምሮ ይበላ፣ ካለበት ይጣል ነው የጤና ባለሥልጣናቱ ምክር።

አሁን ሁሉም የሚጠይቀኝ ጥያቄ። «ክትፎ ይሆናል?»

ሥጋው ጮማ የለውም፣ ቀይ ነው፣ ሲያዩት ለክትፎ የተፈጠረ ይመስላል። ጥሬውን አትብሉት። ሥጋ ቤት የምትገዙት በሬ ተመርምሮ ነው የሚመጣው፣ ይሄኛውን ያያችሁት እናንተ ብቻ ናችሁ። አጋዘን ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ ተሕዋስ ይሸከማል፣ በደንብ ያልበሰለ የአጋዘን ሥጋ በልተው የታመሙ ሰዎች አሉ፣ ለነፍሰ ጡር ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው። የተፈጨ ከሆነ መሃሉ 71 ዲግሪ እስኪደርስ ይብሰል። ለብለብም አይሠራም። ቋንጣውም ቢሆን መጀመሪያ ኦቨን ውስጥ እዚያ ሙቀት ድረስ ከሞቀ በኋላ ነው የሚሰቀለው። በተረፈ ጥብሱ በቅቤና በሮዝመሪ፣ አትጠይቁኝ።

ሃይማኖቱን በተመለከተ፣ ዘዳግም ምዕራፍ 14 ከሚበሉት እንስሳት መካከል ዋላና ሚዳቋን በስም ይጠራል፣ አጋዘንም ሰኮናው የተሰነጠቀና የሚያመሰኳ ነው። በቢላ ሳይታረድ በፍላጻ በመሞቱ የሚከብዳችሁ ካላችሁ የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ፣ እኔ ጠይቄያለሁ። ሙስሊም ወዳጆቼ ደግሞ ቢስሚላህ ብለው ነው የሚወረውሩት፣ በሕይወት ከደረሱበትም ያርዱታል።

መንገዱ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ስድስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ዲሲ መሃል ኮንስቲቲውሽን አቬኑ የምንለው ሩት 50 ራሱ እየተጠማዘዘ አቴንስ ኦሃዮ ይደርሳል፣ ግን ተራራውን በሱ የሚያቋርጥ ጊዜ የተረፈው ብቻ ነው። እኛ በሀይዌይ 68 ሞርጋንታውን ድረስ፣ ከዚያ በሀይዌይ 79 ክላርክስበርግ ወርደን ነው 50ን የምንይዘው። አንድ ቀን ቀድማችሁ ድረሱ፣ የመጀመሪያውን ቀን አታድኑ፣ ቦታዎቹን በእግር እዩ።

የአምናውን ኅዳር 11 ይዤው ተመለስኩ። ከጾሙ በፊት አራት ቀን ነበረኝ። ቤት ውስጥ ሦስት ሰው ነን፣ ሥጋው ደግሞ ሁለቱን ሣጥን ሞልቷል። ጎረቤትም ዘመድም ተጠርቶ፣ ኅዳር 14 ማታ ድረስ ተበልቶ፣ የቀረው ፍሪዘር ገባና እስከ ገና ቆየ።